በንጽጽር ቡድን አይጥ ኩላሊት ላይ የተገኘ ብቸኛ ዕጢ፦ ይመዝገብ ወይስ ይውጣ?

ማይክሮቶም (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ሕዝባችን ለሆድ ሕመም የሚጠቀምበት አንድ ተክል ለረዥም ጊዜ ሲወሰድ ጉዳት ያደርስ እንደሆነ ለማወቅ በስዊስ አልቢኖ አይጦች ላይ የ12 ወር ጥናት ሳካሂድ ቆይቼ፣ ባለፈው ሳምንት የመጨረሻዎቹን አይጦች ከፍቼ መርምሬ ጨርሻለሁ። ጥናቱ አራት ቡድን አለው፤ በየቡድኑ 20 ወንድና 20 ሴት አይጦች ነበሩ። አንደኛው ከተለመደው መኖና ከንጹሕ ውኃ በቀር ምንም ያልተሰጠው የንጽጽር ቡድን ነው፤ ሌሎቹ ሦስቱ ተክሉን ከዝቅተኛ እስከ ከፍተኛ በተለያየ መጠን የወሰዱ ናቸው።

ያልጠበቅሁት ነገር የገጠመኝ እዚሁ የንጽጽር ቡድን ውስጥ ነው። ቁጥር 17 የተባለው ወንድ አይጥ እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ ደኅና ይበላና ይንቀሳቀስ ነበር፤ ክብደቱም አልቀነሰም። ሆዱን ስከፍተው ግን በግራ ኩላሊቱ የላይኛው ጫፍ፣ ከስሱ ሽፋን ሥር፣ ነጣ ብሎ ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ ድፍን ምስር የሚያህል እብጠት አየሁ። ስለካው 3.5 ሚሊ ሜትር ሆነ። የቀኝ ኩላሊቱ 0.29 ግራም ሲመዝን የግራው 0.34 ግራም መዘነ። ሳልቆርጠው ፎርማሊን ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።

አብሮኝ የሚሠራ ባልደረባዬ፣ «ምንም ያልተሰጠው አይጥ ዕጢ ካወጣ ቀድሞውንም በሽተኛ ነበር ማለት ነው፤ ከቡድኑ አውጪውና በ19 ቀጥዪ» ብሎ መከረኝ። ምክሩን በቅንነት እንደሰጠኝ አልጠራጠርም፤ ልቤ ግን አልተቀበለውም። በአይጥ ኩላሊት ላይ በራሱ ጊዜ የሚነሣ ዕጢ እጅግ ብርቅ እንደሆነ አንብቤአለሁ፤ ብርቅ የሆነ ነገር አንድ ጊዜ ብቻ ሲታይ ግን ምን ተብሎ እንደሚጻፍ አላውቅም። ልምድ ያላችሁ እባካችሁ አስረዱኝ።

የድሮ ፓቶሎጂስት

እኅቴ፣ ከሁሉ አስቀድሜ አይጡን ከጥናቱ አታውጪው እላለሁ። የንጽጽር ቡድን የሚያዘው ምንም ሳይሰጠው በእንስሳው ላይ ምን እንደሚደርስ እንዲነግረን ነው፤ የነገረንን የምንሰርዝ ከሆነ 40 አይጦችን አንድ ዓመት ሙሉ መመገብ ለምን አስፈለገ? ዛሬ በንጽጽር ቡድኑ የታየውን የሰረዘ እጅ ነገ ተክሉን በወሰደው ቡድን ተመሳሳይ ዕጢ ቢገኝ በተክሉ ላይ ሊያሳብብ ነው፤ ያ ደግሞ ትልቅ በደል ነው።

ቀጥሎ እብጠቱ በእርግጥ ዕጢ መሆኑን፣ ዕጢም ከሆነ ከኩላሊቱ የተነሣ መሆኑን ማጣራት አለብሽ። በአይጥ ኩላሊት ላይ ከሚታዩት የካንሰር ሕዋሳት መካከል ብዙዎቹ ከሌላ ቦታ የመጡ ናቸው። ቀዳሚው ተጠርጣሪ ሊምፎማ፣ ማለትም የሊምፍ ሕዋሳት ካንሰር፣ ነው፤ ያረጁ አይጦችን በብዛት የሚይዝ ሲሆን ወደ ኩላሊት ሲገባ ክብ ክብ የሆኑ፣ አንድ ዓይነት መልክ ያላቸው ትንንሽ ሕዋሳት የደም ሥሮችን ከበው ይታያሉ፤ ብዙ ጊዜ ጣፊያና የሊምፍ ዕጢዎችም አብረው ያብጣሉ። ሁለተኛው ሂስቲዮሲቲክ ሳርኮማ፣ ማለትም የሰውነት ጠራጊ ሕዋሳት ካንሰር፣ ነው፤ ይህኛው አንድ የሚያጋልጠው ምልክት አለው፤ በኩላሊት ደቃቅ ቱቦዎች ሕዋሳት ውስጥ ሊሶዛይም የተባለው ፕሮቲን ተጠራቅሞ ደማቅ ሮዝ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ የጉበቱን፣ የጣፊያውንና የሳንባውን ስላይድ ሳታዪ ስለ ኩላሊቱ ምንም አትጻፊ።

ኩላሊቱን ስትቆርጪ እብጠቱን መሐል ለመሐል አልፎ ጤነኛውንም ክፍል የሚያሳይ ረዥም ቁራጭ አውጪ። የምጠይቅሽ የዕጢውን መሐል ብቻ አይደለም፤ ከጤነኛው ጋር የሚገናኝበትን ዳርቻም ነው። አዴኖማን (የማይዛመተውን ዕጢ) ከካርሲኖማ (ከካንሰሩ) የሚለየው ብዙውን ጊዜ እዚያ ዳርቻ ላይ የሚታየው ነገር ነውና።

የላብራቶሪ ሰው

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ግልጽ ቢሆን ጥሩ ነው። በአማርኛ ትንሿንም ትልቋንም «አይጥ» ስለምንል ውይይቱ እንዳይደባለቅብን እፈራለሁ። እኔ ያነበብኋቸው ስለ ኩላሊት ዕጢ የሚናገሩ ጽሑፎች አብዛኞቹ ስለ ትልቋ፣ ፈረንጆቹ ራት ስለሚሏት ናቸው። ያ ዕውቀት ለትንሿ ይሠራል?

የድሮ ፓቶሎጂስት

ትክክለኛ ማሳሰቢያ ነው፤ ከዚህ በኋላ ትልቋን ራት እያልሁ እጽፋለሁ። ሁለቱ በኩላሊት ጉዳይ በጣም ይለያያሉ። በራት ዘንድ በዘር የሚተላለፍ የኩላሊት ዕጢ ይታወቃል። የኖርዌዩ ሐኪም ሬይዳር ኤከር በፈረንጆች አቆጣጠር በ1954 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) የገለጸው የራት ዘር ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወርድ የኩላሊት ካንሰር አለበት፤ ከ40 ዓመት ገደማ በኋላ ምክንያቱ ቲኤስሲ2 በተባለው ጂን ላይ የደረሰ ጉዳት መሆኑ ተደረሰበት። ከዚህም ሌላ ወንድ ራቶች በጉበታቸው የሚሠሩት አልፋ 2ዩ ግሎቡሊን የተባለ ፕሮቲን ከአንዳንድ ኬሚካሎች ጋር ተጣብቆ በኩላሊት ቱቦዎች ውስጥ ይከማቻል፤ ሕዋሳቱ እየሞቱ እየተተኩ በመጨረሻ ዕጢ ይወጣል። ሰው ይህ ፕሮቲን ስለሌለው የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ1991 በዚህ መንገድ ብቻ የሚመጣ የራት ኩላሊት ዕጢ ሰውን ለሚመለከት ፍርድ ማስረጃ እንደማይሆን ወስኗል። ትንሿ አይጥ ተመሳሳይ የሽንት ፕሮቲን ቢኖራትም ይህ በሽታ አይይዛትም። ስለዚህ በቁጥር 17 ላይ የታየውን በራት ታሪክ ልንተረጉመው አንችልም።

ማይክሮቶም

ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስላይዶቹ ዛሬ ደረሱልኝ። ያየሁትን እንዳለ እጽፋለሁ።

እብጠቱ የራሱ ሽፋን የለውም፤ ነገር ግን በዙሪያው ያሉትን ቱቦዎች ገፍቶ አጣብቋቸዋል። ሕዋሳቱ ኩብ መሰል ናቸው፤ አብዛኞቹ ሮዝ ሆነው ቀልመዋል፤ በከፊል ድፍን ክምር፣ በከፊል ደግሞ ጣት መሰል ቅርንጫፍ ሠርተዋል። በመከፋፈል ላይ ያሉ ሕዋሳት አሥር የማይክሮስኮፕ መስክ አይቼ ሁለት ብቻ አገኘሁ። የሞተ ሥጋም፣ የፈሰሰ ደምም፣ ወደ ደም ሥር የገባ ሕዋስም አላየሁም። ጉበት፣ ጣፊያና ሳንባ ንጹሕ ናቸው፤ ሮዝ ነጠብጣብም የለም።

አንድ ያስደነገጠኝ ነገር ግን አለ። ከእብጠቱ ርቆ በሚገኘው ጤነኛ ክፍል፣ ደም የሚጣራባቸውን ግሎሜሩሎች የሚከብበው ከረጢት ጠፍጣፋ ሕዋስ ሊኖረው ሲገባ በብዙ ቦታ ወፍራም ኩብ ሕዋስ ተደርድሮበታል። ይህ የዕጢው መጀመሪያ ይሆን?

የድሮ ፓቶሎጂስት

አይደለም፤ በዚህ አትደንግጪ። በወንድ አይጥ ኩላሊት ይህ ጤነኛ መልክ ነው። የወንድነት ሆርሞን የከረጢቱን ሕዋስ ኩብ ያደርገዋል፤ የሴቶቹን ስላይድ ጎን ለጎን አስቀምጠሽ ብታዪ ልዩነቱን ወዲያው ትረጂዋለሽ። በሰው ኩላሊት ሥዕል የተማረ ሁሉ መጀመሪያ ሲያየው ይደነግጣል፤ እኔም ደንግጫለሁ።

የገለጽሽው እብጠት ከደቃቅ ቱቦ የተነሣ አዴኖማ ይመስለኛል። ካርሲኖማ ለማለት የሕዋሳቱ መልክ መዛባት፣ የሞተ ሥጋ ወይም ወደ ጎረቤት ሥጋ ዘልቆ መግባት ያስፈልግ ነበር። ይሁን እንጂ የሕዋሳት መብዛት፣ አዴኖማና ካርሲኖማ በአንድ መንገድ ላይ ያሉ ምዕራፎች እንደሆኑ አትርሺ፤ ድንበራቸውን የምናሰምረው እኛ ነን፤ ሁለት ጥሩ ፓቶሎጂስቶች በአንድ ስላይድ ላይ ሊለያዩ ይችላሉ። ስለዚህ ሌላ ሰው፣ አይጡ ከየትኛው ቡድን እንደሆነ ሳይነገረው፣ ያንኑ ስላይድ ይይልሽ።

ባለቀመር

እኔ ፓቶሎጂስት አይደለሁም፤ ሥራዬ በቁጥሩ በኩል ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ ዝም ማለት ስላልቻልሁ በረዥሙ ልጻፍ፤ ምክንያቱም አንድ የአይጥ ኩላሊት ዕጢ የዓለምን ክርክር ያስነሣበት ታሪክ አለ።

በ1983 የተጠናቀቀ ጥናት ግላይፎሴት የተባለውን የአረም ማጥፊያ ሲዲ-1 ለተባሉ አይጦች ለ24 ወራት በመኖ ውስጥ ሰጥቶ ነበር። መጠኑ በመኖው ውስጥ በአንድ ሚሊዮን እጅ 1,000፣ 5,000 እና 30,000 እጅ ነበር። በወንዶቹ ላይ የተገኘው የኩላሊት ቱቦ ዕጢ እንዲህ ተመዘገበ፦ በንጽጽር ቡድን ከ49 ምንም፣ በዝቅተኛው መጠን ከ49 ምንም፣ በመካከለኛው ከ50 አንድ፣ በከፍተኛው ከ50 ሦስት። በአጠቃላይ አራት አይጦች ብቻ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ1985 ኬሚካሉን በሰው ላይ ካንሰር ሊያመጣ ከሚችል ምድብ ውስጥ አስገባው፤ ከምክንያቶቹ ዋናው እነዚህ ኩላሊቶች ነበሩ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነው ለእኅታችን ትምህርት የሚሰጠው። ስላይዶቹን እንደገና የተመለከተ ፓቶሎጂስት በንጽጽር ቡድኑ አንድ አይጥ ላይም ትንሽ ዕጢ እንዳየ አሳወቀ፤ ባለሙያዎች ግን ያ ነገር ዕጢ ነው አይደለም በሚለው አልተስማሙም። ኤጀንሲው ከየኩላሊቱ ተጨማሪ ቁራጮች እንዲወጡ አዘዘ፤ በተጨማሪዎቹ ቁራጮች አዲስ ዕጢ አልተገኘም። የሳይንስ አማካሪ ቦርዱ በ1986 መረጃው ለመፍረድ አይበቃም አለ፤ በ1991 ኤጀንሲው ካንሰር አምጪ አይደለም ወደሚለው ምድብ አዛወረው። በ2015 ደግሞ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ያንኑ ጥናት ከሌሎች ጋር አይቶ፣ ከመጠኑ ጋር የሚጨምር አዝማሚያ አለው ብሎ በእንስሳት ማስረጃነት ቆጠረውና ግላይፎሴትን ምድብ 2ኤ፣ ማለትም በሰው ላይ ካንሰር ሳያመጡ አይቀሩም በሚባሉት፣ ውስጥ አስቀመጠው። ኩላሊቶቹ እነዚያው ናቸው፤ ፍርዱ ግን ተለያየ።

አሁን አንዷ የንጽጽር ቡድን ዕጢ ምን ያህል እንደምትመዝን በቁጥር ላሳይ። ከ49 ምንምን ከ50 ሦስት ጋር በፊሸር ፈተና (ትንንሽ ቁጥሮች በሚነጻጸሩበት የስታትስቲክስ ስሌት፣ በአንድ ጎን) ብናነጻጽር፣ ልዩነቱ በአጋጣሚ የመምጣት ዕድሉ 0.125 ነው። በንጽጽር ቡድኑ አንድ ዕጢ ሲጨመር ያው ዕድል ወደ 0.32 ይወጣል። አንድ ትንሽ እብጠት ውጤቱን ይህን ያህል ታንሸራትታለች። እንዲያውም 50 ለ50 ሆኖ በንጽጽር ቡድኑ ምንም ዕጢ ባይኖር፣ ልዩነቱ በአጋጣሚ የመጣ አይመስልም ለማለት ከሚያገለግለው የተለመደ ድንበር፣ ከ0.05፣ በታች ለመድረስ በተሰጠው ቡድን አምስት ዕጢ ያስፈልጋል፤ አራት እንኳ አይበቃም።

ነገር ግን ሌላ ጎን አለው። የዚህ ዕጢ የተለመደ መጠን ለምሳሌ ከ200 አይጥ በአንዱ ነው እንበል። ያን ጊዜ በ50 አይጦች ላይ ሦስትና ከዚያ በላይ በአጋጣሚ የማግኘት ዕድል ከ1,000 ሁለት ገደማ ብቻ ነው። ብርቅ ዕጢን አጠገቡ ካለው ቡድን ጋር ብቻ ማነጻጸር ደካማ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ የላብራቶሪው የኋላ መዝገብ፣ ማለትም በቀደሙት ጥናቶች ምንም ባልተሰጣቸው አይጦች ላይ የታየው ሁሉ፣ ይህን ያህል ዋጋ አለው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም በተለመደ መጠኑ ከ1 በመቶ በታች ለሆነ ዕጢ በ0.05፣ ለተለመደ ዕጢ ግን ጠበቅ ባለው 0.01 የሚለካበት ደንብ ያለው በዚሁ ምክንያት ነው። አይጥ ቁጥር 17 ከተሰረዘ ግን የአገራችን የኋላ መዝገብ ገና ከጅምሩ ሐሰት ይሆናል።

ስለ መቶኛውም አንድ ቃል። «ከንጽጽር ቡድን 5 በመቶው የኩላሊት ዕጢ ነበረበት» ብለሽ እንዳትጽፊ። ከ20 አንድ ማለት በ95 በመቶ የመተማመኛ ክልል ከ0.13 እስከ 25 በመቶ ሊሆን የሚችል ነገር ነው። «1 ከ20» ብለሽ ጻፊ፤ እሱ ብቻ እውነት ነው።

የላብራቶሪ ሰው

ባለቀመር በጻፈው ላይ አንድ ተቃውሞ አለኝ። ከውጤቱ በኋላ ተመልሶ ተጨማሪ ቁራጭ ማውጣት የሚፈለገውን እስኪያገኙ ድረስ መቆፈር አይሆንም? በዚያ ላይ እኛ ዘንድ ስላይድና የማይክሮቶም (ሥጋ በስሱ የሚቆረጥበት መሣሪያ) ምላጭ በቁጥር ነው የሚወጣው። ለ80 ወንድ አይጦች ሁለት ሁለት ኩላሊት፣ ሦስት ሦስት ቁራጭ ቢባል 480 ቁራጭ ነው። ያ ድካም ለአንድ እብጠት ይገባል?

የድሮ ፓቶሎጂስት

ወንድሜ፣ ፍርሃትህ ትክክል ነው፤ መቆፈር የሚሆነው ግን ዕጢ የታየበትን ቡድን ብቻ መልሰን ስንቆርጥ፣ ወይም ዕጢ ያልታየበትን ብቻ መልሰን ስንቆርጥ ነው። ሁሉም ቡድን በእኩል፣ በተመሳሳይ ርቀት፣ ተመልካቹ ቡድኑን ሳያውቅ ከተቆረጠ ቁፋሮ አይባልም። በረዥም ጊዜ ጥናቶች ኩላሊትን በየ1 ሚሊ ሜትር ደረጃ በደረጃ መቁረጥ ለዚህ ተብሎ የተለመደ አሠራር ነው።

ለምን እንደሚያስፈልግ በዓይነ ኅሊናህ ተመልከተው። የአንድ አይጥ ኩላሊት ውፍረቱ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው እንበል፤ ስላይድ ላይ የምናስቀምጠው ቁራጭ 5 ማይክሮን፣ ማለትም የአንድ ሚሊ ሜትር አምስት ሺሕኛ፣ ነው። ከኩላሊቱ አንድ ሺሕኛውን አይተን ነው «ዕጢ የለበትም» የምንለው። ከላይ ጎልቶ የሚታይ እብጠት ሲሆን ዓይናችን ይመራናል፤ ግማሽ ሚሊ ሜትር የሆነ አዴኖማ ግን በመሐል ቆርጠን ስናልፈው በጎን በኩል ተደብቆ ይቀራል። ዕጢው ብርቅ የሆነው ከመሠረቱ ብርቅ ስለሆነ ነው፤ የምናይበት መንገድ ጠባብ መሆኑም ግን ድርሻ አለው።

ስለ ወጪው፦ ሦስት አራት ቁራጭ በአንድ ስላይድ ላይ አብሮ ይቀመጣል። በአይጥ ይህ ዕጢ በወንዶች ላይ በዝቶ ስለሚታይ ወንዶቹን ሁሉ ቁረጪ፤ ከሴቶቹ የንጽጽር ቡድኑንና ከፍተኛውን መጠን የወሰዱትን ብቻ። የመረጥሽበትን ምክንያትም በጽሑፉ ውስጥ አስፍሪ።

ሕዋስ ተመራማሪ (ከጀርመን)

ዘግይቼ ብገባም አንድ ነገር ልጨምር፤ እኔ የምሠራው በሰው የኩላሊት ካንሰር ላይ ነው፤ እኛ በየቀኑ የምንጠቀምበት መሣሪያ የተገኘው እንዲህ ካለ ብቸኛ አይጥ ነው። ሬንካ የተባለው የሕዋስ መስመር ባልብ-ሲ በተባለ ዘር አይጥ ኩላሊት ላይ በራሱ ጊዜ ከተነሣ ካርሲኖማ የተወሰደ ሲሆን፣ መርፊና ህሩሼስኪ በ1973 ገልጸውታል። ከኩላሊት ተነሥቶ ወደ ሳንባ፣ ወደ ጉበትና ወደ ሊምፍ ዕጢዎች ስለሚዛመት፣ የሰውነትን የመከላከል ኃይል የሚቀሰቅሱ መድኃኒቶች እስከ ዛሬ ይሞከሩበታል። ያን አይጥ አንድ ሰው «በሽተኛ ነው» ብሎ ጥሎት ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይኖርም ነበር።

ለምን ብርቅ ሆነ ለሚለው ደግሞ ግማሹን መልስ የያዘው የጂኖቹ አቀማመጥ ነው። በሰው ዘንድ አብዛኛው የኩላሊት ካንሰር የሚጀምረው ቪኤችኤል የተባለው ጂን ሲጠፋ ነው። ይህ ጂን ሕዋስ የኦክስጅን መጠን የሚያውቅበት ሥርዓት አካል ነው፤ የ2019 የኖቤል የሕክምና ሽልማትም ለዚያ ሥርዓት ግኝት የተሰጠ ነው። በሰው ቪኤችኤል በሦስተኛው ክሮሞሶም አጭር ክንድ ላይ ሲገኝ፣ አጠገቡ ካንሰርን የሚከላከሉ ሌሎች ሦስት ጂኖች፣ ፒቢአርኤም1፣ ባፕ1 እና ሴትዲ2፣ ተሰልፈዋል። ክንዱ አንድ ጊዜ ሲቆረጥ የአራቱም አንድ አንድ ቅጂ አብሮ ይጠፋል። በአይጥ ግን ቪኤችኤል በ6ኛው፣ ፒቢአርኤም1 እና ባፕ1 በ14ኛው፣ ሴትዲ2 በ9ኛው ክሮሞሶም ላይ ተበትነው ይገኛሉ፤ አንድ አደጋ አራቱን አይነካም። ተመራማሪዎች በአይጥ ኩላሊት ቪኤችኤልን ብቻ ሲያጠፉ የሰውን የመሰለ ካንሰር አላገኙም፤ ከፒቢአርኤም1 ወይም ከባፕ1 ጋር አብረው ሲያጠፉት ግን ዕጢ ወጣ።

ሬንካም ቢሆን ቪኤችኤሉ ያልተነካ ነው፤ ስለዚህ የሰውን በሽታ በሙሉ አይወክልም። ይህን የምለው የቁጥር 17 ዕጢ «ልክ እንደ ሰው ነው» ተብሎ እንዳይጻፍ ነው። እኅቴ፣ ፎርማሊን ውስጥ ከመግባቱ በፊት ቁራጭ ቀዝቅዞ ተቀምጦ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ ከፓራፊን ብሎኩም (ሥጋው በሰም ውስጥ ከተቀመጠበት) ቢሆን ግን ዲኤንኤ ይወጣልና ብሎኩን ጠብቂው።

ባለቀመር

በዚሁ አጋጣሚ አንድ የዘር ነገር ልጨምር። በአገራችን ላብራቶሪዎች ያሉት ስዊስ አይጦችና በ1983ቱ ጥናት የነበሩት ሲዲ-1 አይጦች ምንጫቸው አንድ ነው፤ ክላራ ሊንች በ1926 ከስዊዘርላንድ ሎዛን ወደ አሜሪካ ያመጣቻቸው ሁለት ወንድና ሰባት ሴት አይጦች ናቸው። ከዚያ ወዲህ በየአገሩ ለየብቻ ሲዋለዱ ቆይተዋልና የውጭውን የኋላ መዝገብ ቀድተን የእኛ ነው ማለት አንችልም።

ማይክሮቶም

ከአምስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። የ80ዎቹን ወንዶች ኩላሊቶች፣ እንዲሁም የንጽጽር ቡድንና የከፍተኛ መጠን ሴቶችን በየ1 ሚሊ ሜትር ቆርጬ ጨረስሁ። ስላይዶቹን በምስጢር ቁጥር የሰየመችልኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት፤ እኔም ሁለተኛው ተመልካችም ቡድኑን ሳናውቅ አየን። ከቁጥር 17 ሌላ ዕጢ አልተገኘም። ዝቅተኛውን መጠን ከወሰዱት አንዱ ወንድ ላይ ሦስት ቱቦዎችን የያዘ የሕዋሳት መብዛት አየን፤ በዚያ ላይ መጀመሪያ ተለያየን፤ እኔ አዴኖማ ብዬው ነበር፤ አብረን በድጋሚ ስናየው የቱቦዎቹ ቅርጽ እንዳልፈረሰ አሳየኝና ተስማማሁ። የመጀመሪያ አለመስማማታችንንም በጽሑፉ ውስጥ አስቀምጫለሁ።

በመመረቂያ ጽሑፌ ያሰፈርሁት ዓረፍተ ነገር ይህ ነው፦ «በንጽጽር ቡድን ወንድ አይጦች ላይ አንድ የደቃቅ ቱቦ አዴኖማ ተገኝቷል (1 ከ20)፤ ተክሉን በወሰዱት ሦስት ቡድኖች ወንድ አይጦች ላይ በተመሳሳይ ደረጃ በደረጃ አቆራረጥ ዕጢ አልታየም (0 ከ60)፤ ይህ ልዩነት ተክሉ ከዕጢ ይከላከላል ለማለት አያበቃም።» የመጨረሻውን ሐረግ የጨመርሁት አንድ አንባቢ በዚያም በኩል እንዳይሳሳት ነው። አውጪው ብሎኝ የነበረው ባልደረባዬም ረቂቁን አንብቦ ተስማምቷል።

ለላብራቶሪያችንም አዲስ መዝገብ ከፍተናል፤ ምንም ባልተሰጣቸው አይጦች ላይ የሚታየው ሁሉ ከዕድሜው፣ ከፆታውና ከስንት ቁራጭ እንደታየ ጋር ይጻፍበታል። የመጀመሪያው መስመር፦ ቁጥር 17፣ ወንድ፣ ግራ ኩላሊት፣ 3.5 ሚሊ ሜትር፣ ብሎኩ ተቀምጧል።